የዘንቢሉ ፖም

ሰኔ ሲገባ ጉልበቴን ያመኛል። ሐኪሙ ብርዱ ነው ይላል፤ እኔ በጀቱ ነው እላለሁ። ግማሽ ዕድሜዬን ሰኔ በመጣ ቁጥር ያሳለፍኩት የሌላ ሰውን የዓመት በጀት በወረቀት ላይ ስቆርጥና ስቀጥል ስለሆነ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ሰውነቴ ወሩን አልረሳውም። አሁን አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡ የየካን ጋራ ሲጋርደው አያለሁ። ቴሌቪዥኑ የመጪውን ዓመት በጀት ያነባል፤ ለመንገድ፣ ለጤና፣ ለትምህርት እያለ ይዘልቅና ግብርና ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ልጄ ሔለን "እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ! ደሞ ዛሬ ማንን ልትቆርጪ ነው?" እያለች ትስቅብኛለች። ቀልዷን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያመኛል።

ዘንድሮ በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ የመኪናው ፍሬን አልይዝ ብሎት ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ ሲያስገባት፣ ቤት ከመቀመጥ ብዬ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ "አንድ ሰዓት ብቻ" አለን። የመካኒክ አንድ ሰዓት ስንት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። እግሬን ላፍታታ ብዬ በመንገዱ ዳር ዳር ስሄድ፣ ከናፍጣውና ከጭቃው መሀል አንድ ሽታ መጣና አቆመኝ። የፖም ሽታ ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ ተደርድሮ እንደሚያብለጨልጨው፣ ቀርበው ቢያሸቱት እንኳ ምንም የማይሸተው ዓይነት አይደለም፤ ከሩቅ የሚጣራ፣ ጎምዘዝ ያለ የዛፍ ሽታ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት በፕላስቲክ ሳፋ ይዛዋለች። አጠገቧ ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ጋር በኦሮምኛ እየተጫወተች ነበርና እኔን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች።

"ይውሰዱ እማማ፣ የራሳችን ነው። ከላይ ከጋራው ነው የመጣው።"

"ስንት ነው?"

"ኪሎው ሁለት መቶ ሃምሳ።"

"ለዚህች? ከሎሚ አትበልጥም እኮ!" አልኳት። እንዲህ ስል ግን አንዷን አንስቼ አፍንጫዬ ላይ አድርጌያት ነበር። አረንጓዴ ናት፤ ጉንጯ ላይ ብቻ ትንሽ ቀላ ብላለች፤ ቆዳዋ ሻካራ ነው። "ደግሞ ይኼ ኮምጣጣ ነው። ድሮ ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ፣ ጋራው ላይ አንድ ማሠልጠኛ ነበር። የነሱን ፖም ብታዪ! ቀይ፣ ጣፋጭ፣ ጡጫ የሚያክል። በእጄ ይዤ በልቼዋለሁ።"

ሴትዮዋ ሚዛኗን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

"የመምህር ደምሰውን ማሠልጠኛ ነው የሚሉት?"

"አዎ! ታውቂያቸዋለሽ?"

"እርስዎ ያንን ፖም የት በሉት?" አለችኝ። ጥያቄዋ የነጋዴ ጥያቄ አልነበረም።

የት እንደበላሁት ለመናገር ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ያን ጊዜ ወገቤ ቀጭን፣ ምላሴ ስል ነበር። መሥሪያ ቤታችን አራት ኪሎ አጠገብ፣ ደረጃው በሰም የሚወለወል አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በታኮ ጫማ ስወጣ ኮቴዬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሽሮ በብር ከስሙኒ እንበላለን። ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ የነገሠበት ጊዜ ስለነበር ሁላችንም ማታ ማታ ሽንሽኑን ከፍራሽ ሥር አስተኝተን እናድራለን፣ ጠዋት የተተኮሰ ይመስላል። ደመወዝ የወጣ ቀን ፒያሳ ወርደን ኬክ እንበላለን፤ ከፍራፍሬ ቤቶቹ ፊት ለፊት ደግሞ ቆመን ከውጭ የመጣውን ፖም በመስታወት እናያለን። አንዷ ፍሬ ሁለት ብር ነበረች። ሁለት ብር ማለት የአንድ ቀን ምሳና የደርሶ መልስ ታክሲ ነው፤ ስለዚህ አይተነው እንመለሳለን። ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ የሚሄደው ታክሲ ሾፌር ሁልጊዜ አንድ የናፍቆት ዘፈን ካሴት ያጫውታል፤ ክራሩ ገና ሲጀምር ካሴቱ ይነከስና ረዳቱ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ያጠነጥነዋል። ያንን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

የበጀት ባለሙያ ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራው ግን የሌላውን ልመና በሥርዓት መደርደር ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የበጀት ስሚ የሚባል ስብሰባ አለ። በእኛ ሥር ያሉት ተቋማት ተራ በተራ እየመጡ "ለሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል ይሰጠን" ብለው ያስረዳሉ፤ እኛ ከጠረጴዛው ወዲህ፣ እነሱ ከጠረጴዛው ወዲያ። መምህር ደምሰው ከጠረጴዛው ወዲያ ከሚቀመጡት አንዱ ነበሩ። እሳቸው የሚመሩት ማሠልጠኛ የጋራውን ገበሬዎች ልጆች ለሁለት ዓመት አትክልትና ፍራፍሬ አስተምሮ፣ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ የሚያወጣ ትንሽ ተቋም ነው። ዘመድና ወዳጅ የሌለው፣ ማንም ሊያስመርቀው ሪባን ይዞ የማይሄድ ተቋም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አይቼዋለሁ። የካቲት ነበር። ከፈረንሳይ ታክሲ ወርጄ ሽቅቡን በእግሬ ወጣሁ፤ ጫማዬን ግማሽ መንገድ ላይ አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። መምህር ደምሰው አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም ሰው ናቸው፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ካኪ ኮት ለብሰዋል፣ ኪሳቸው ውስጥ የዛፍ መቁረጫ መቀስ አለ። ባዶ እግሬን ሲያዩ የራሳቸውን ቦት ጫማ አውልቀው ሰጡኝ፣ እሳቸው በካልሲ አስጎበኙኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ፤ ይሉኝታቸው ከቁመታቸው ይረዝም ነበር። አርባ የማይሞሉ ወጣቶች ያላቸውን ሁሉ አሳዩኝ፤ ካሮቱን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፖሙን። የአንዱን ቅርንጫፍ ቆርጠው በሌላው ግንድ ላይ እያጣበቁ፣ በላስቲክ እያሰሩ ያዳቀሏቸው ዛፎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ዛፎቹ ከደረቴ አይበልጡም። ግን አብበው ነበር፤ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ አበባ። እኔ የፈረንሳይ ሰፈር ልጅ፣ የማውቀው ዛፍ ባሕር ዛፍ ብቻ፣ ያንን አበባ ሳይ በቃ ፍሬው ደረሰ ብዬ ደመደምኩ። ትንሽ ዛፍ አብቦ ሊያራግፈው እንደሚችል፣ ፖም ለመልቀም ዓመታት እንደሚጠበቅ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የግብርና ትምህርት በጀት የምሠራ ሰው ነበርኩ እንግዲህ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አለቃዬ ጣሪያው ዝቅ ብሎ መምጣቱን ነገሩን። ጣሪያ የምንለው ከዚህ በላይ እንዳትጠይቁ ተብሎ ከበላይ የሚሰጠንን ልክ ነው። ጣሪያ ሲወርድ የሚመታው ረጅሙ ይመስላችኋል፤ በበጀት ግን አናቱን የሚባለው አጭሩ ነው። ያን ቀን ፋይል ላስፈርም ገብቼ ጠረጴዛቸው ላይ የተቋማቱን ዝርዝር አየሁ። ሦስቱ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ጭረት አለ። ሦስተኛው የመምህር ደምሰው ነው። አለቃዬ ማየቴን አዩና ወረቀቱን ገለበጡት። "ገና በሐሳብ ላይ ያለ ነገር ነው" አሉኝ፤ "እዚሁ ይቅር።"

እዚሁ ቀረ። መምህር ደምሰው የዓመቱን ጥያቄያቸውን ይዘው ሲመጡ ስለ ጭረቱ ትንፍሽ አላልኩም። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ወንበሬን ደግሞ ከሥራዬ አብልጬ እወዳለሁ። ግን አዘንኩላቸው፤ ሐዘኔን ደግሞ በምክር ልወጣው ፈለግኩ።

"መምህር፣ ዘንድሮ ወረቀት ብቻ ይዘው አይምጡ" አልኳቸው። "ኮሚቴው ወረቀት ሰልችቶታል። ያመረታችሁትን አምጡና በዓይናቸው ይዩት። ደግሞስ ባዶ እጅ ይኬዳል?"

"ጥሩ ሐሳብ ነው። ካሮትና ጥቅል ጎመን ላምጣ?"

"ካሮትማ ማንም ያመጣል። ፖሙን ያምጡ እንጂ!"

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። "ፖሙን?"

"አዎ፣ ሲያብብ አይቼው የለ! ቀይ ቀዩን መርጠው ያምጡ። እሱን ካዩ እንቢ ማለት ያቅታቸዋል።"

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። "እሺ፣ ወይዘሪት ወይንሸት" አሉኝ፤ "እርስዎ ካሉ ይሁን።"

በስሚው ቀን ሁለት ዘንቢል ይዘው ገቡ። አንዱን እሳቸው፣ ሌላውን አንዲት ቀጭን ሠልጣኝ ይዛለች። ካሮቱ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። ፖሙን ደግሞ በራሱ በዛፉ ቅጠል አልብሰውታል፤ ቅጠሉ ሲገለጥ ክፍሉ "ውይ!" አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንዱን ወስደው በመሀረባቸው ወልውለው ገመጡ። ከዚያ በኋላማ ማን ይከለክለናል፣ ሁላችንም አነሳን። የእኔው ፖም ጎኑ ላይ ሳንቲም የምታክል ቦታ ጣቴን ያዝ ታደርገኛለች፤ የዛፍ ሙጫ ነው ብዬ ጠርጌ በላሁት። ፒያሳ በመስታወት ሳየው የኖርኩትን ነገር ጋራችን አፈራው ብዬ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሰብሳቢው አኝከው ጨረሱና "ይኼ እኮ ከውጭ ከሚገባው በምን ያንሳል!" አሉ። "መምህር፣ እናንተማ ሀብታም ናችሁ። ይኼን የያዘ ሰው መንግሥትን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሽጣችሁ ራሳችሁን ቻሉ እንጂ!" ክፍሉ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ጻፊ" አሉኝ፤ "ማሠልጠኛው በውስጥ ገቢው ራሱን መቻል የሚችል ሆኖ ስለተገኘ።" ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ የሚያምር ነበር፣ ሁሉም ያደንቀው ነበር። ቀና ስል መምህር ደምሰው አሁንም አፋቸውን ከፍተዋል፤ ያንን "ይሰጠን" ሊሉበት የመጡበትን አፍ። ልጅቷ የገዛ ጫማዋን ታያለች። ባዶውን ዘንቢል ይዘው ወጡ።

ሐምሌ ላይ መጡ። ዝናብ ከኮታቸው ይንጠባጠባል፣ የተወለወለውን ወለል እንዳያበላሹ ከበሩ ወዲህ አልገቡም። "ወይዘሪት ወይንሸት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት" አሉኝ። "ያ ዘንቢል ባይመጣ ኖሮ ማሠልጠኛው ይተርፍ ነበር?" ደሜ ፈላ። ምክሬን በፊቴ ሊመልሱልኝ፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ሊጭኑ የመጡ መሰለኝ። በጎ ባደረግሁ እላለሁ ለራሴ። ፊቴን ወደ ወረቀቴ መልሼ "መምህር፣ ውሳኔው የበላይ አካል ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" አልኳቸው። "ልክ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ማሠልጠኛው በካሮትና በጎመን አንድ ዓመት ተንገዳገደና ተዘጋ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የነበሩት የምስክር ወረቀታቸውን ሳይወስዱ ተበተኑ። እኔ በዓመቱ እድገት አገኘሁ። ዛሬ ጋራው ላይ አስፋልት አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው በመኪና እየወጣ ፎቶ ይነሳል፤ እኔ ራጉኤልን ለመሳለም ስሄድ እንኳ በዚያ በኩል አልዞርም። በምክሬ ሰበብ አንድ ትምህርት ቤት መዘጋቱን ተሸክሜ ኖርኩ። ከዚህ የባሰ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ አልነገርኳትም፤ "በጀት ስሚው ላይ ነው የበላሁት፣ እዚያ እሠራ ነበር" ብቻ አልኳት።

"ዘንቢሉን የያዝኩት ልጅ እኔ ነኝ" አለች። "ጫልቱ እባላለሁ። እማማ፣ ያ ፖም የእኛ አልነበረም።"

"እንዴት አልነበረም?"

"የእኛ ዛፍ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አንድም ፍሬ አልያዘም። መምህር ደመወዛቸውን ግማሽ አውጥተው ከፒያሳ ነው የገዙት። እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ከእናንተ ሕንፃ ጀርባ ቁጭ ብለን ፖሞቹ ላይ የተለጠፈችውን ያችን ትንሽ ወረቀት በጥፍሬ ልጬ ልጬ ጣልኩ። ቅጠሉ ብቻ የእኛ ነው።"

ጣቴ ላይ ያች ሙጫ ተመለሰችብኝ።

"ለምን?" አልኳት፣ ለምን እንደሆነ እያወቅሁ።

"አንዲት የቢሮ ሴት ፖም አምጡ አለችን፣ የለንም ማለት አፈርኩ አሉኝ። መንገድ ላይ ምን አሉኝ መሰልዎት፣ 'ጫልቱ፣ ዛሬ ብቻ ነው የምንዋሸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛፉ እውነት ያደርገዋል።'" ሳፋው ውስጥ ያሉትን ፖሞች ገለበጠቻቸው። "ሲዘጋ አንዷን ችግኝ ነቅዬ አባቴ ጓሮ ተከልኳት። ይኼው ከሷ ነው። ሌሎቹን አላውቅም። መምህር ግን እስኪሞቱ ድረስ 'በእኔ ውሸት ነው የተዘጋባችሁ' ይሉ ነበር። የሠልጣኞቹን ቤት እየዞሩ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሠርጌ ላይ መጥተው፣ በሰው ሁሉ ፊት እግሬ ላይ ሊወድቁ ነበር።"

"መቼ ነው የሞቱት?"

"አምና ጥቅምት።"

ያን ጊዜ ነው በዝናብ የረጠበው ሰውዬ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ የጠየቀኝ የገባኝ። እኔን ሊከሱ አልነበረም የመጡት። ስለ ራሳቸው ነበር የጠየቁት። ከእኔ የፈለጉት አንድ ቃል ነበር፣ ቃሉም በእኔ እጅ ነበር፤ ከአለቃዬና ከእኔ በቀር ያንን ጭረት ያየ ሰው የለም። ለጫልቱ ነገርኳት። ያቺ የቢሮ ሴት እኔ መሆኔን፣ ምክሩን፣ ከዘንቢሉ በፊት የነበረውን እርሳስ፣ ሁሉንም ሳላስቀር ነገርኳት። እርሳስ በላጲስ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ፖሙ ባይመጣ ይጠፋ ነበር ወይ ብትለኝ መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን እሱን አልጠየቀችኝም።

"ይኼን ለእሳቸው አልነገሯቸውም?" አለችኝ።

"አልነገርኳቸውም።"

"ለእሳቸው ነበር መንገር።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ኪሎ ስጪኝ አልኳት፤ መዘነችልኝ። ላስቲኩን ከቋጠረች በኋላ መልሳ ፈታችውና ለሌላው ገዢ ሁሉ እንደምታደርገው አንድ ፍሬ ምርቃት ጨመረችልኝ። የእህቴ ልጅ ከጋራዡ "አክስቴ፣ አልቋል!" እያለ ይጣራል።

ፖሙን ቤት ውስጥ የሚበላው የለም። ሔለን አንዱን ገምጣ ፊቷን አጨማደደችና "ይኼንን በገንዘብ ነው የገዛሽው?" አለችኝ። ቴሌቪዥኑ በጀቱ መጽደቁን ተናግሮ ወደ ስፖርት አልፏል። እኔ ማታ ማታ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እየላጥኩ እበላለሁ። "አይደለም መምህር፣ እርሳሱ ቀድሞዎት ነበር።" አምስት ቃል ናት፣ ቆጥሬያታለሁ። ፖሙ እውነትም ይኮመጥጣል፤ አንዱንም ግን አልጣልኩም።